ጉዛራ፦ የጎንደር ግንቦችን ታላቅ ለማየት ስትወጡ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ልቡ ቀድሞ ፋሲል ግንብ ይደርሳል። መሀል ላይ፣ አዲስ ዘመንን አለፍ ብሎ እንፍራንዝ አካባቢ፣ ከኮረብታ ላይ ጣናን ቁልቁል የሚያይ ሌላ ግንብ እንዳለ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ስሙ ጉዛራ ነው።

አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 እ.ኤ.አ. ነው። ጉዛራ ደግሞ ከ1563 እስከ 1597 በነገሡት በአፄ ሠርፀ ድንግል እንደታነፀ ይነገራል። በድንጋይና በኖራ የተሠራ ባለ ፎቅ ግንብ ነው። ክብ ማማዎቹን ስታዩ “ይሄን ጎንደር አይቼዋለሁ” ትላላችሁ፤ ታላቁ ግን እሱ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በተመዘገበው የፋሲል ግቢ ቅርስ ውስጥም ተካቷል።

ለመሄድ ካሰባችሁ እነዚህን ያዙ።

መጀመሪያ ስለ መንገዱ ጠይቁ። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው አካባቢ ላለ ሰው ደውሉና ሰላም መሆኑን አረጋግጡ። የዛሬ ወር የተለጠፈ ቪዲዮ የዛሬን መንገድ አይነግራችሁም።

በጠዋት ውጡ። ሐይቁ ያለው በስተምዕራብ ነው፤ ስለዚህ የጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና ሜዳውንና ጣናን ታበራላችኋለች። ከሰዓት ፎቶ የምታነሱት ፀሐይ ፊት ለፊት ነው፣ ሰውም ጥላ ይሆናል። ጀምበር ስትጠልቅ ያምራል፤ ግን ከመሸ መኪና ማግኘት ከባድ ነው።

ወቅት ምረጡ። ክረምት ላይ አቀበቱ ጭቃና አዳላጭ ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ዝናቡ ቆሞ ምድሩ ገና አረንጓዴ ነው፤ እንደሱ የሚመች ጊዜ የለም።

ቦርሳችሁ ውስጥ የሚይዝ ጫማ፣ ውኃ፣ ኮፍያና ፓወር ባንክ ይኑር። ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። በሞባይል እከፍላለሁ ብላችሁ ባዶ ኪስ አትውጡ፤ ዝርዝር ብር ያዙ።

የአካባቢውን ሰው አስከትሉ። ዋጋውን ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። መንገዱን ያውቃል፤ ከአያቶቹ የሰማውን ታሪክም ይነግራችኋል። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

አሁን ዋናው ነገር። ግድግዳው ላይ አትውጡ። አዎ፣ ከላይ የሚነሳ ፎቶ ላይክ ያመጣል። ግን ኖራው የላላ ድንጋይ የአንድ ሰው ክብደት ይበቃዋል። አንዱ ሲወድቅ ዝናቡ በክፍተቱ ይገባል፤ በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ አጠገቡ ያለው ይከተላል። ስም መጫርም ያው ነው። እናንተም ብትሆኑ ከማማ ላይ ብትወድቁ ሆስፒታል ቅርብ አይደለም።

በምትኩ አንድ ጠቃሚ ነገር አድርጉ። አራቱንም ጎን በደንብ አንሱና ቀኑን ጽፋችሁ ለጥፉት። የዛሬ አምስት ዓመት አንድ ሰው ያንን ፎቶ አጠገቡ ይዞ “ይቺ ስንጥቅ ያኔ አልነበረችም” ማለት ይችላል። ግንቡ ጠባቂ ቢያንሰውም ምስክር አይጣ።