ስለ ሦስት ማዕዘን ዓይነቶችና ስለ አለያየታቸው

ሦስት ማዕዘን ማለት ሦስት ቀጥተኛ መሥመሮች የዘጉት ቅርጽ ነው። ዓይነቱም በሁለት መንገድ ይለያል፤ ይኸውም በጎኖቹ ርዝመትና በማዕዘኖቹ ስፋት ነው። ይህን አከፋፈል የግሪክ ሊቅ ኤውክሊድስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ግድም በጻፈው የጂኦሜትሪ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ አስቀምጦታል።

በጎን ሲለይ ሦስቱ ጎኖቹ እኩል የሆኑ አለ፤ ሁለቱ እኩል የሆኑ አለ፤ ሦስቱም የተለያዩ አለ። ኤውክሊድስ «ሁለት ብቻ» ያለውን የዛሬ ሊቃውንት «ቢያንስ ሁለት» ይሉታል፤ በዚህም አባባል ሦስቱ እኩል የሆነው ከሁለተኛው ወገን ጋር ይቈጠራል። ልጆች በዚህ ነገር ቢከራከሩ መምህሩ አይቈጣቸው፤ ክርክሩ የቃል እንጂ የቅርጽ አይደለም።

የማዕዘኑ ነገር ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ሦስቱ ማዕዘኖች ሲደመሩ ምንጊዜም 180 ዲግሪ ስለሚሆኑ፥ 90 ዲግሪ የሆነው ቀጥተኛ ማዕዘን ወይም ከ90 የሚበልጠው ዝርጥ ማዕዘን በአንድ ቅርጽ ውስጥ ከአንድ በላይ ሊገኝ አይችልም፤ የቀሩት ሁለቱ ከ90 የሚያንሱ ሹሎች ናቸው። እንግዲህ ለቅርጹ ስም የሚሰጠው ትልቁ ማዕዘን ነው። ልጅ አንዱን ሹል ማዕዘን ብቻ አይቶ «ይህ ሹል ነው» ቢል ገና አልመረመረም፤ ሹል ማዕዘን የሌለው ሦስት ማዕዘን የለምና።

ትልቁ ማዕዘን ሁልጊዜ ከረጅሙ ጎን ፊት ለፊት ይገኛል። ዓይነቱን ለማወቅ ገመድ ይበቃል። ሁለቱን አጫጭር ጎኖች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ መደመር፥ ረጅሙንም በራሱ አባዝቶ ከድምሩ ጋር ማስተያየት ነው። እኩል ቢሆኑ ማዕዘኑ ቀጥተኛ፥ የረጅሙ ቢበልጥ ዝርጥ፥ ቢያንስ ሹል ነው። ጎኖቹ 3፥ 4ና 5 ክንድ ቢሆኑ 9ና 16 ሲደመሩ 25 ይሆናሉ፤ 5 በ5ም 25 ነው፤ ስለዚህ ቀጥተኛ ነው።

ቤት የሚሠራ ሰው በ5፥ በ5ና በ7 ክንድ ገመድ ቢዘረጋ ዓይኑ «ቀጥተኛ ነው» ይለዋል። ነገር ግን 25ና 25 ሲደመሩ 50፥ 7 በ7 ደግሞ 49 ነውና ማዕዘኑ ሹል ነው። «የአንድ ቍጥር ልዩነት ምን ይጎዳል?» የሚሉ ሽማግሌ ቢኖሩ፥ በዚህ ማዕዘን የተጀመረ የ25 ክንድ ግድግዳ ጫፉ ከትክክለኛው መሥመር ግማሽ ክንድ፥ ማለት አንድ ስንዝር፥ ወደ ውስጥ ይገባል። ጣራ የሚያለብሰው ሰው ያን ጊዜ ያየዋል።

ከዚህ በኋላ መምህሩ 3፥ 4ና 7 ክንድ ገመድ ለልጆቹ ይስጣቸው። ገመዱ ተዘርግቶ አንድ መሥመር ይሆናል እንጂ ቅርጽ አይዘጋም፤ ምክንያቱን ሳይነገራቸው ራሳቸው ይፈልጉት።