የተዘረፈው መልእክተኛ ምን መለሰ?

ውድ ወገኔ፣ አንድ ሰው ቢበድልህ ወገኑን በሙሉ ትጠላለህ? በዚህ ዘመን ብዙዎቻችን የምንፈተነው እዚሁ ላይ ነው። እስቲ የዮሐን ሉድቪግ ክራፍን ሕይወት እንመልከት።

ክራፍ ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ መጣ። አንኮበር ተቀምጦ ኦሮምኛ ተማረ። በ1840 የቋንቋውን ሰዋስው ለንደን ሲያሳትም፣ ርእሱ ላይ ራሱ «ያልተሟላ» ብሎ ጻፈበት። ሊያስተምር የመጣ ሰው ተማሪ መሆኑን አልረሳም ማለት ነው።

በ1842 ወደ ጎንደር ሲጓዝ በእኛው ወሎ አለፈ። አዳራ ቢሌ የሚባል ገዥ መጀመሪያ በደህና ተቀበለው። ከፊት ያለው መንገድ አስጊ ሆኖበት ሲመለስ ግን ይዞ ንብረቱን ዘረፈው። ክራፍ ባዶ እጁን ምጽዋ ደረሰ።

ታዲያ ተስፋ ቆርጦ ቀረ? የለም። ከባለቤቱ ከሮዚና ጋር ሆኖ ዳግም ወደ አገራችን ለመግባት ሞከረ። መንገድ ላይ ሴት ልጅ ወለዱ፤ ሕፃኗ ግን ሞተች። ስሟን በአማርኛ «እንባ» አሏት። በሩ ሲዘጋባቸው በ1844 ሞምባሳ ወረዱ። በዚያው ዓመት ሮዚናና ሁለተኛዋ ልጃቸው በቀናት ልዩነት ሞቱ። እሱ ግን እዚያው ቆይቶ የስዋሂሊ ሰዋስው ጻፈ።

አሁን ልብ በል! ወሎ ላይ ከተዘረፈ ከ34 ዓመት በኋላ፣ በ1876፣ ከደብተራ ዘነብ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን በግዕዝ ፊደል ታተመ። አንድ ገዥ ዘረፈው፤ እሱ ግን ለሕዝቡ መጽሐፍ ሰጠ። የአንዱን በደል በሁሉ ላይ አልጻፈውም። በ1881 አገሩ ላይ፣ በአልጋው አጠገብ እንደተንበረከከ ሞቶ ተገኘ።

ወገኔ፣ አንተ ከሚሴ ወይም ጨፋ ሮቢት የምትኖረው፣ የሚስዮን አገልግሎት ባሕር ማዶ ብቻ አይደለም እኮ። በጰንጠቆስጤ ቀን ሰው ሁሉ የእግዚአብሔርን ሥራ በገዛ ቋንቋው አልሰማም? አንተስ የጎረቤትህን ቋንቋ ታውቃለህ? ቂም ካለህ ዛሬ በጌታ ፊት አውርደው። ነገ ጠዋት ደጁ ሂድና በቋንቋው «አካም ቡልተኒ» በለው። ጌታ ይርዳህ፤ አሜን።