የሁለት ሰው የሥራ ክፍል በአገር ባህል ዕቃ፦ እንዴት ይሠራል?

ጮሌ የአርሲ ደጋ ናት፤ ብርዷ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ቀላል አይደለም። ባልና ሚስት በአንድ ክፍል ሆነው እሱ የተማሪ ፈተና ሲያርም፣ እሷ የሱቋን ሒሳብ ስትሠራ ክፍሉ ሦስት ነገር ሊሰጣቸው ይገባል፤ ሙቀት፣ ብርሃንና ጸጥታ። አጎዛው፣ ኖራውና ባናው በዚህ ይረዳሉ፤ ስፌቱም ዕቃ ይይዛል። ክፍሉን በባህላዊ መልክ ማሳመር የሚጀምረውም እያንዳንዱ ዕቃ ምን እንደሚሠራ ከማወቅ ነው።

ግድግዳው

ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበላል፤ ሲመሽ ቀስ ብሎ ይመልሳል። ከጭቃው ጋር የሚቦካው ጭድ ደግሞ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ያያይዘዋል። በላዩ የሚቀባው ኖራ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ ንጣቱም የመስኮቱን ብርሃን እስከ ክፍሉ ጥግ ያደርሳል። በጭቃ ግድግዳ ላይ የዘይት ቀለም አትቀቡ። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙ ያብጥና ይላጣል።

መስኮቱና ጠረጴዛው

አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ፀሐይ በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ሌሊቱ ውርጭ በሚሆንበት በዚያ ወቅት ክፍሉን ቀን የሚያሞቀው የደቡብ መስኮት ነው። በምሥራቅና በምዕራብ መስኮት የምትገባው ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ ዓይን ትወጋለች፤ እዚያ ነጭ የሸማ መጋረጃ ያስፈልጋል።

በቀኝ እጁ የሚጽፍ ሰው ብርሃን ከግራው ቢመጣለት የእጁ ጥላ ወረቀቱ ላይ አያርፍም። ስለዚህ ሁለቱም በቀኝ የሚጽፉ ከሆነ ጀርባ ለጀርባ አታስቀምጧቸው፤ አንደኛው በጥላ ይሠራል። ሁለቱ ጠረጴዛዎች በመስኮቱ ጎን ፊትና ኋላ ሆነው ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙሩ።

ሱፍና ስፌት

የበግ ፀጉር ሙቀት የሚይዘው በመካከሉ ብዙ አየር አፍኖ ስለሚያስቀር ነው። ወንበር ላይ የተነጠፈ አጎዛ ከታች የሚመጣውን ብርድ ይከለክላል። ቆዳው በደንብ የለፋ ይሁን፤ ብል እንዳይበላውም አልፎ አልፎ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

ባዶ ግድግዳ ድምፅን መልሶ ይወረውራል፤ ሱፍ ግን ይውጠዋል። አንዱ ስልክ ሲያወራ ሌላው እንዳይረበሽ በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል ባና ስቀሉ። የቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ ኮርኒስ የግድ ነው፤ በመካከል የሚቀረው አየር ሙቀቱን ያቆያል፣ የዝናቡንም ጩኸት ያለዝባል። ከስፌቱ ደግሞ ሙዳይ ድሮም የትናንሽ ዕቃ መያዣ ነበርና እስክሪብቶውን፣ ማኅተሙንና የስልክ ገመዱን ይያዝ።

እንጨቱ

ጠረጴዛው ከጥድ ወይም ከዋንዛ ቢሆን ያምራል፤ ነገር ግን አዲስ ዛፍ አታስቆርጡ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ የከለከለው እየጠፉ ስለነበር ነው። የፈረሰ ቤት በርና አሮጌ ሣንቃ ለአናጢ ስጡ፤ ተልጎ ጥሩ ጠረጴዛ ይወጣዋል።

ሁለት ጥንቃቄ

አንደኛ፣ በተዘጋ ክፍል ከሰል አታንድዱ። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰውን እንደተቀመጠ ይገድላል። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ።

ሁለተኛ፣ ሲንቄ ጌጥ አይደለም። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ እናት ለልጇ በሠርጓ የምትሰጣት የመብትና የክብር በትር ናት። ቤታችሁ ካለች፣ የት እንደምትቀመጥ የምትወስነው ባለቤቷ ናት።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ ማሟላት አይጠበቅባችሁም። ከኖራው ጀምሩ፤ ቀጥሎ ጠረጴዛዎቹን አዙሩ፤ ከዚያ አጎዛና ባና ጨምሩ። ስፌቱንና ሙዳዩን ስትገዙ ደግሞ ከአካባቢያችሁ ሰፊዎች እጅ ይሁን፤ ሙያው የሚኖረው ገዢ ሲኖረው ነው።