የቦክስ ተመልካች የሸሸው ከቡጢው አይደለም

ሜይ 2 ቀን 2015 ምሽት ላይ አስር የምንሆን ሐበሾች በአንድ ጓደኛችን ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ተፋፍገን ተቀምጠናል። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) ፍሎይድ ሜይዌዘርና ማኒ ፓኪያው ላስ ቬጋስ ላይ ሊገናኙ ነው። ግጥሚያውን በቴሌቪዥን ለማየት 99 ዶላር ከ95 ሳንቲም ይከፈላል፤ እንደ ዕቁብ አስር አስር ዶላር አዋጣን። ክትፎው ቀርቧል፣ ቢራው ቀዝቅዟል፣ በሕይወቱ ቦክስ አይቶ የማያውቀው ሁሉ ሳይቀር ማን እንደሚያሸንፍ ይተነብያል። ከዚያ 12ቱ ዙር አለቀ። ሜይዌዘር እንደ ልማዱ ተከላከለ፣ ሸርተት አለ፣ ነጥቡን ለቀመና አሸነፈ። ቤቱ ዝም አለ። አንዱ ጓደኛችን ብቻ «በቃ? ይቺው ናት?» አለ።

ያን ሌሊት አሜሪካ ውስጥ 4.6 ሚሊዮን ግዢ ተፈጽሟል፤ ክብረ ወሰን ነው። የቦክስ ነጋዴዎች ቁጥሩን እንደ ድል ያነሱታል። እኔ ግን በ4.6 ሚሊዮን ቤት ውስጥ «ይቺው ናት?» የተባለበት ሌሊት አድርጌ ነው የማየው። ከእኛ ከአስራችን ከዚያ በኋላ ለቦክስ ኪሱን የከፈተ ሰው ከሁለት አይበልጥም፤ አንደኛው ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። ለነገሩ ግጥሚያው ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ ሲወራ፣ ሲፈርስ፣ እንደገና ሲወራ የኖረ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ 38፣ ሌላው 36 ዓመት ሆኗቸዋል። ትኩስ ሆኖ መበላት የነበረበት ምግብ ከቀዘቀዘ በኋላ በእጥፍ ዋጋ ቀረበልን ማለት ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ተጠቃሚ ጥሎን ሲሄድ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የቱ ጋ ደርሶ ነው የወጣው?» ብለን ነው። የቁልፉን ቀለም መቀየር በኋላ ይደርሳል። ቦክስን ተወዳጅ ለማድረግ የሚቀርበው ሐሳብ ግን አብዛኛው የቀለም ጉዳይ ነው፦ ጭስ፣ መብራት፣ ዘፋኝ፣ የዩቲዩብ ልጆች። ቡጢው ራሱ ምንም አልሆነም። ሁለት ሰው፣ አንድ መድረክ፣ ሦስት ደቂቃ፤ ከዚህ የበለጠ ለመረዳት የሚቀል ስፖርት ከሩጫ በቀር አላውቅም። ሰው የሚወጣው በሩ ጋ ነው።

በሩ ላይ ምን አለ? አንድ አዲስ ተመልካች «የዓለም ሻምፒዮኑ ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «በየትኛው ድርጅት?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው። ደብሊውቢኤ፣ ደብሊውቢሲ፣ አይቢኤፍ፣ ደብሊውቢኦ፤ አራት ድርጅቶች ናቸው። በወንዶች የተለመዱት የክብደት ዘርፎች 17 ናቸው። አራት ጊዜ አስራ ሰባት፣ 68 የዓለም ሻምፒዮን! ይህ ደግሞ «ጊዜያዊ»፣ «ሱፐር»፣ «ሬጉላር»፣ «ፍራንቻይዝ» እየተባሉ የሚታደሉትን ሳይጨምር ነው። ድርጅቶቹ ለቀበቶ ከሚደረግ ግጥሚያ ከተፋላሚዎቹ ክፍያ ላይ መቶኛ ይቆርጣሉ፤ ስለዚህ ቀበቶ በበዛ ቁጥር ገቢ ይበዛል። ኦሌክሳንደር ኡሲክ ሜይ 18 ቀን 2024 ሪያድ ላይ ታይሰን ፉሪን አሸንፎ የከባድ ሚዛን ቀበቶዎችን ጠቀለለ። በዚህ ሚዛን ሌኖክስ ሉዊስ በ1999 ካደረገው ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ሩብ ምዕተ ዓመት የተጠበቀው ነገር ሁለት ወር እንኳ አልቆየም፤ የአይቢኤፍ ቀበቶ ወዲያው ከእጁ ወጣ። ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? ድርጅቱ ካዘዘለት ተጋጣሚ በፊት ዓለም ሁሉ ሊያየው የፈለገውን የመልስ ግጥሚያ ከፉሪ ጋር መያዙ ነው።

ቼዝም እንዲህ ዓይነት ጣጣ ደርሶበት ያውቃል። በ1993 ካስፓሮቭ ከፌዴሬሽኑ ተገንጥሎ ሁለት የዓለም ሻምፒዮን ተፈጠረ፤ እስከ 2006 አልታረቁም። ቢሆንም በዚያ ሁሉ ዓመት ማን ከማን እንደሚበልጥ ሰው ግራ አልገባውም፣ ምክንያቱም ኢሎ የሚባለው የነጥብ ስሌት ነበረ። ፌዴሬሽኑ ከ1970 ጀምሮ የሚጠቀምበት፣ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በካልኩሌተር ሊያረጋግጠው የሚችል ቀመር ነው። ቦክስ ውስጥ ደረጃ የሚያወጣው ኮሚቴ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሐሳቤ ቀበቶዎቹን ማጥፋት አይደለም፤ አይጠፉም፣ እንጀራቸው ነው። ጣቢያዎችና አዘጋጆች በአንድ ግልጽ ቀመር ተስማምተው፣ በስክሪኑ ላይ ከስሙ አጠገብ ቀበቶውን ትተው ደረጃውን ቢጽፉልን ይበቃል። «ሦስተኛው ከአምስተኛው» ሲባል አያቴም ይገባታል።

ሌላዋ በሽታ «ዜሮ» ነች። ሜይዌዘር 50 ተጋጥሞ 50 አሸንፎ ጓንቱን ከሰቀለ ወዲህ፣ የሚመጣው ወጣት ሁሉ ከቡጢው ይልቅ ሒሳቡን ወረሰ። አንድ ሽንፈት ገበያ ያጠፋል ተብሎ ስለሚታመን ልጁን ከጠንካራ ተጋጣሚ እያሸሹ ያሳድጉታል። መሐመድ አሊ እኮ አምስት ጊዜ ተሸንፏል! በ1971 ኒውዮርክ ላይ ጆ ፍሬዘር በ15ኛው ዙር መሬት ጥሎት በነጥብ ረትቶታል። ያ ሽንፈት ባይኖር ከዚያ በኋላ ያደረጓቸው ሁለት ግጥሚያዎች ያን ያህል ባልተጠበቁ ነበር። ጣቢያዎች ገንዘቡን የሚይዙት እነሱ ስለሆኑ፣ ለተሸነፈ ግን ለተጋደለ ሰው ቀጣዩን ቀጠሮ አስቀድመው በውል ቢያስሩለት ፍርሃቱ ይቀንስ ነበር።

አሁን ወደ ቁስሉ ልግባ፣ ወደ ዳኝነቱ። ማርች 13 ቀን 1999 ሉዊስ ሆሊፊልድን ሲበልጠው አምሽቶ «አቻ» ተባለ። ሴፕቴምበር 16 ቀን 2017 ካኔሎ አልቫሬዝና ጌናዲ ጎሎቭኪን ተቀራራቢ ግጥሚያ ተጋጠሙ፤ ብዙ ሰው ለጎሎቭኪን ያደላ ነበር። አንድ ዳኛ 115 ለ113 ለጎሎቭኪን ሰጠ፣ ሌላው እኩል አለ፣ ሦስተኛዋ 118 ለ110 ለካኔሎ ጻፈች። ከ12 ዙር አስሩን መሆኑ ነው። ግጥሚያው በአቻ አለቀ። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሌሊቱን አንግቶ ይህን የሰማ ሰው «ድሮም የተበላ ዕቁብ ነው» ብሎ ቢሄድ አልፈርድበትም።

ጓደኞቼ ሙያዬን ስለሚያውቁ «ታዲያ ለምን ማሽን አይዳኝም?» ይሉኛል። የሚገርመው ተሞክሯል። በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ ፍጻሜ ሮይ ጆንስ ጁኒየር ኮሪያዊውን ፓርክ ሲ-ሁንን ሲደበድብ ዋለ፣ ዳኞቹ 3 ለ 2 ለፓርክ ሰጡ። ይባስ ብሎ የውድድሩ ምርጥ ቦክሰኛ ተብሎ የተሸለመው ተሸናፊው ጆንስ ነው! ከዚያ ቅሌት በኋላ ኮምፒውተር መጣ፤ ከ1992 ባርሴሎና ጀምሮ አምስት ዳኞች ቀይና ሰማያዊ ቁልፍ ይዘው ተቀመጡ። ሦስቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከተጫኑ ነጥብ ይቆጠራል። ወረቀት ላይ በጣም ያምራል፤ እኔም ብጠየቅ ምናልባት እንዲሁ እነድፈው ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሆድና ጎድን ላይ የሚያርፈው ከባድ ቡጢ በዚያች ሰከንድ ለሦስት ሰው አይታይም። የሚታየው ፊት ላይ ነካ አድርጎ መሸሽ ነው። ልጆቹም ብልጥ ናቸውና ነካ አድርጎ መሸሽን ተማሩ። የምትለካውን ነገር ሰው ይሠራልሃል፣ ያልለካኸውን ይተውልሃል፤ በእኛም ሙያ በየቀኑ የሚያጋጥመን ነው። ከለንደን 2012 በኋላ ሥርዓቱ ቀረ።

በዲሴምበር 2024 በኡሲክና በፉሪ የመልስ ግጥሚያ ላይ ለሙከራ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳኛ ተቀምጦ ነበር። 118 ለ112 ለኡሲክ ሰጠ። ሦስቱም ሰዎች 116 ለ112 ብለው ነበር፤ አሸናፊው አንድ ነው፣ ልዩነቱ ግን ማሽኑ ዘንድ ሰፍቷል። እስቲ ይቀጥል፣ ይሞከር። እኔ ግን መጀመሪያ የምፈልገው ከዚህ የቀለለ ነው። ውጤቱ ይታይ! ኳስ ላይ የጎሉ ብዛት 90 ደቂቃ ሙሉ ተደብቆ መጨረሻ ላይ በማይክ ቢነበብ ስታዲየሙ ይቃጠል ነበር። ቦክስ ላይ ግን ለመቶ ዓመት ታግሰነዋል። ደብሊውቢሲ በአንዳንድ ግጥሚያዎች ከአራተኛውና ከስምንተኛው ዙር በኋላ ነጥቡን ይፋ የሚያደርግበት አሠራር አለው፤ በሁሉም ቦታ ቢለመድ ደስ ይለኛል። «የሚመራው ሰው መጨረሻ ላይ ይሸሻል» የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ይሸሻል። ግን የሚመራውም ሆነ የሚከተለው ያውቃል፤ ተከታዩ በዝረራ ካልሆነ በቀር እንደማይሆንለት ገብቶት የሚወጣበት አስራ አንደኛ ዙር ሳይከፍሉ የሚታይ አይደለም። በዚያ ላይ 118 ለ110 የጻፈ ሰው ከግጥሚያው በኋላ ወንበር ስቦ ምክንያቱን ለጋዜጠኞች ቢያስረዳ ምን ይጎዳል?

በነገራችን ላይ ድምቀት ፍለጋ «15 ዙር ይመለስ» የሚሉ አሉ። በዚህ አልስማማም። በኖቬምበር 1982 ኮሪያዊው ኪም ዱክ-ኩ ከሬይ ማንቺኒ ጋር ሲጋጠም በ14ኛው ዙር ወደቀና ከቀናት በኋላ ሞተ። 12 ዙር የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሰዓቱና ዋጋው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። የላስ ቬጋስ ዋና ግጥሚያ ለንደን ላይ ሊነጋ ሲል፣ ዱባይ ላይ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ያም ባልከፋ፤ የሚከፋው በስንት ሰዓት እንደሚጀመር አለመታወቁ ነው። የማሟሻ ግጥሚያዎቹ ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃሉ፣ ዋናው መቼ እንደሚገባ ማንም አይነግርህም፣ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ይጥልሃል። እንደ ኳሱ የመጀመሪያው ደወል ሰዓት ተቆርጦ ይነገረን፤ ማሟሻው ቢያጥርም ይጠር።

የባሕረ ሰላጤው አገር አንባቢዎች ደግሞ ከእኛ በተሻለ የምታውቁት ነገር አለ። የሳዑዲ ገንዘብ ለዓመታት «አይሆንም» የተባለውን አድርጎታል። ጁን 1 ቀን 2024 ሪያድ ላይ ሳይተያዩ የኖሩት እንግሊዛውያን አዘጋጆች ፍራንክ ዋረንና ኤዲ ኸርን አምስት አምስት ቦክሰኛ አሰልፈው ቡድን ለቡድን ተጋጠሙ፤ አምስቱንም የዋረን ልጆች አሸነፉ። ቡድን ደጋፊ ይፈጥራል፣ ቦክስ ደግሞ ያጣው ይህንን ነው። የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር ነው። አገሪቱ በሰብዓዊ መብት የሚነሳባት ጥያቄ በመብራትና በሙዚቃ አይሸፈንም። ሁለተኛው፣ ስፖርቱ በአንድ ኪስ ላይ ከተንጠለጠለ ኪሱ የተዘጋ ዕለት ምን ይሆናል የሚለው ነው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ2025 ለምክር ቤቱ አንድ ረቂቅ ሕግ ቀርቧል። አንድ ድርጅት አዘጋጅም፣ ደረጃ አውጪም፣ ቀበቶ ሰጪም እንዲሆን የሚፈቅድ ነው፤ ልክ እንደ ዩኤፍሲ። በ2000 የወጣው የመሐመድ አሊ ሕግ አዘጋጁ ከግጥሚያው ያገኘውን ገቢ ለቦክሰኛው እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው እንዲህ ያለውን ሥልጣን ለመግታት ነበር። እንደ ተመልካች ልቤ ወደ አዲሱ ያዘነብላል፤ ዩኤፍሲ ውስጥ ምርጡ ከምርጡ ጋር ቶሎ ይገናኛልና። ነገር ግን የዚያው ዩኤፍሲ ተፋላሚዎች «ገበያውን ጠቅልሎ ክፍያችንን አሳነሰ» ብለው ከስሰው ጉዳዩ በ375 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘግቷል። እኔ ሶፋዬ ላይ እንድደሰት ጭንቅላቱን የሚሰጠው ሰው የገቢውን መጠን እንዳያውቅ ከተደረገ፣ ዕቁቡ ቢቀርብኝ ይሻለኛል።

ኖቬምበር 15 ቀን 2024 ኔትፍሊክስ የ58 ዓመቱን ማይክ ታይሰንን ከጄክ ፖል ጋር ያለ ተጨማሪ ክፍያ አሳየ። ድርጅቱ 60 ሚሊዮን ቤተሰብ አይቶታል ብሏል። ምስሉ ለብዙዎች እየቆመ አስቸግሮ ነበር፤ ያን ያህል ሰው በአንድ ሰዓት ማስተናገድ ምን እንደሆነ ስለማውቅ እዚያ ሌሊቱን ያደሩ መሐንዲሶች አሳዝነውኛል። ዋናው ግጥሚያ ያው የሚጠበቀው ነበር፤ አዛውንት ደክሞት ሲዞር አየን። ከእርሱ በፊት ግን ኬቲ ቴይለርና አማንዳ ሴራኖ ወጡ። አስር ዙር፣ ዙሩ ሁለት ሁለት ደቂቃ። ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጭተው የሴራኖ ቅንድብ ተተርትሮ ደም ፊቷን ሸፍኖታል፤ እሷ ግን ወደፊት ነው የምትሄደው። ሦስቱም ዳኞች 95 ለ94 ለቴይለር ሰጡ።

ቦክስ ስከፍት ሁልጊዜ ወደ መኝታ ቤት የምትሄደው ባለቤቴ ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ቆማ ነበር። ውጤቱ ሲነበብ «ሌባ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «መቼ ነው እንደገና የሚገናኙት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።