የኪራይ ቤትን ማን ይጠብቀው?

አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ሲሉ የተረቱት አጥር ላለው ቤት ነበር፤ ዳሩ ግን ተረቱ ዛሬ በአራተኛ ፎቅ ላይ ላለው ኮንዶሚኒየምም ይሠራል።

በአዲስ አበባ ቤት በዕጣ የደረሰውና የባንኩን ዕዳ በኪራይ የሚከፍል አንድ ወጣት ሠራተኛ ወደ ጅማ ተዛውሮ ሄደ እንበል። ቤቱን ራሱ ያስተዳድረው ወይስ ወኪል ይቅጠር?

በመጀመሪያ ሥራው ምን ያህል እንደ ሆነ እንመርምር። በ2016 ዓ. ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። የወሩም ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ነው። እንግዲህ በር እያንኳኳ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው አያስፈልግም ማለት ነው። የሚቀረው የእጅና የእግር ሥራ ነው፤ ይኸውም የፈነዳ ቧንቧ ማስጠገን፣ በቤት ባለቤቶች ማኅበር ስብሰባ መገኘት፣ ጎረቤት ሲያማርር ሄዶ ማየት ነው። በከተማው ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለ ሆነ፣ ወኪል መቅጠር ገንዘብ ማባከን ይመስለናል። ጅማ ላለው ግን ቧንቧ በስልክ አይጠገንም፤ ውሃው ወደ ታችኛው ፎቅ ሲወርድ ተከራዩ የሚጠራው ሰው ሊኖረው ይገባል።

ታዲያ ወኪሉ ይሾም፤ ሥልጣኑ ግን ይለካ። የ1952 ዓ. ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው፤ እስከ 3 ዓመት ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል ከዚሁ ይቆጠራሉ። ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ «መሸጥ መለወጥ» የሚሉት ቃላት ባሉበት ወረቀት ላይ ሳያነብ የፈረመ ሰው፣ ከቁልፉ ጋር ቤቱንም አሳልፎ እንደ ሰጠ ይወቀው።

ወኪሉ አብዛኛውን ጊዜ አጎት ወይም ያጎት ልጅ ነው። ወጣቶቻችንም ከዘመድ ሒሳብ መጠየቅን እንደ ነውር ያዩታል። እኛ ግን የምናየው በተገላቢጦሽ ነው፤ ያልተጠየቀ ሒሳብ ውሎ ሲያድር ጥርጣሬ ይሆናል፤ ጥርጣሬውም ከቤቱ አስቀድሞ ዝምድናውን ያፈርሳል። ሕጉም ቢሆን ወካዩ በጠየቀ ጊዜ ወኪሉ ሒሳብ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የዘመድ ድካም በከንቱ እንዳይቀር ደግሞ ዋጋው ከመጀመሪያው ይቆረጥ።

የኪራይ ገቢ ግብር የሚጠየቀው በባለቤቱ ስም ነው። ስለዚህ ቅርብ ያለ ራሱ ይጠብቅ፣ ሩቅ ያለ ወኪል ይሹም፤ ሁለቱም ግን ውሉን በእጃቸው፣ ሒሳቡን በዓይናቸው ሥር ያድርጉ።