የጋምቤላ ዓሣና የፉርኖ ዱቄት

በጋምቤላ ከተማ ምግብ ቤት ተቀምጦ ከባሮ ወንዝ የወጣ ዓሣ የሚያዝ ሰው ስለ ስንዴ የሚያስብበት ምክንያት ያለ አይመስልም። ሴሊያክ የተባለው በሽታ ላለበት ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የስንዴ ሊጥ ሲሳብ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ግሉተን በተባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት ነው። ገብስም ተመሳሳይ ፕሮቲኖች አሉት። የበሽተኛው የሰውነት መከላከያ የእነዚህን ፕሮቲኖች ቁርጥራጭ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋ የራሱን ትንሹን አንጀት ይጎዳል፤ ምግብም በአግባቡ ወደ ደም አይገባም። የስንዴን ጎጂነት ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዊለም ዲኬ በ1950 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ አሳይቷል። እስካሁንም ዋናው ሕክምና ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ ነው።

በዚህ ረገድ የጋምቤላ ቤተሰብ ማዕድ የታደለ ነው። በአኙዋና በኑዌር ሕዝቦች ዘንድ የሚዘወተሩት በቆሎና ማሽላ፣ እንዲሁም ዓሣና ወተት ከዚህ ግሉተን ነጻ ናቸው፤ ጤፍም እንዲሁ። ችግሩ የሚመጣው ከቤት ውጭ ሲበላ ነው። እንጀራው ገብስ ወይም ስንዴ ተደባልቆበት ሊሆን ይችላል። ዓሣውም ዘይት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ዱቄት ሊነሰነስበት፣ ዘይቱም ቀደም ሲል ሳምቡሳ የተጠበሰበት ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ ሙቀቱ አያጠፋውምን?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ተሕዋስያን በሙቀት ይሞታሉ፤ ግሉተን ግን ሕይወት የለውምና አይሞትም። 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሞቀ ዘይት የፕሮቲኑን ጥቅልል ይፈታዋል እንጂ የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተል አያጠፋም። የተጠቀለለ ባለ ቀለም ክር ቢተረተር የቀለሞቹ ተራ እንደማይለወጥ ማለት ነው። የሰውነት መከላከያ የሚያውቀው ደግሞ ይህንኑ ተራ ነው።

መጠኑን እናስላ። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ «ከግሉተን ነጻ» ለሚባል ምግብ የፈቀደው ጣሪያ በአንድ ኪሎ ግራም 20 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ በሚመዝን ምግብ ከ10 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። ከስንዴ ዱቄት አንድ አሥረኛው ግሉተን ነው ብንል፣ ይህ በ0.1 ግራም ዱቄት ውስጥ ይገኛል፤ ቁንጥር እንኳ አይሞላም። በዓሣው ላይ 5 ግራም ዱቄት ቢነሰነስ ከጣሪያው 50 እጥፍ ደረስን ማለት ነው።

እንግዲህ ያለ ዱቄት፣ በጨውና በሎሚ ብቻ በፍም ላይ የተጠበሰ ዓሣ ማዘዝ ይሻላል። አስተናጋጁን «ስንዴ አለበት?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ወጥ ቤቱ የሚያውቀው «ፉርኖ ዱቄት» በሚለው ስሙ ከሆነ፣ «የለበትም» የሚል ቅን መልስ ሊሰጠን ይችላልና።