የአምራቾች የጥገና ጥሪ ለቢቸናና ለሞጣ መሥሪያ ቤቶች ተሽከርካሪዎች

ከደጀን ተነጥሎ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መስመር ይዘው ከአዲስ አበባ የሚመጡ ተሽከርካሪዎች አስቀድመው የዓባይን በረሃ ያቋርጣሉ። በዚያ ቁልቁለትና ዳገት ላይ ሞተር በድንገት ቢጠፋ መሪው ይከብዳል፤ የፍሬን ማገዣውም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ኃይሉን ያጣል። የነዳጅ ፓምፕ ብልሽት ከጋራዥ ወጪ ባሻገር የሰው ሕይወት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ አምራች የሸጠው ተሽከርካሪ ለአደጋ የሚያጋልጥ ጉድለት እንዳለበት ሲያረጋግጥ፣ ጉድለቱ የሚመለከታቸውን ተሽከርካሪዎች በሻንሲ ቁጥር ለይቶ ወደ ወኪሎቹ ጋራዥ በመጥራት ያለ ክፍያ ይጠግናል። አሜሪካ ይህን አሠራር በሕግ የደገፈችው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን፣ ጃፓን ደግሞ በ1969 ሥርዓቱን ዘርግታለች። ፎርድ ኩባንያ በ1978 ወደ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን የሚሆኑ ፒንቶና ቦብካት መኪኖችን የጠራው ከኋላ ሲገጩ የነዳጅ ታንካቸው ተቀዶ እሳት ያስነሣ ስለነበር ነው።

በቅርብ ዓመታት ከታዩት ጥሪዎች ሰፊ ከሆኑት አንዱ ቶዮታን የሚመለከት ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በጀመረውና በዚያው ዓመት ደጋግሞ ባሰፋው ጥሪ፣ ዴንሶ የሠራው የነዳጅ ፓምፕ የተገጠመላቸው 5 ነጥብ 8 ሚሊዮን ገደማ ተሽከርካሪዎች በዓለም ዙሪያ ተካተዋል። በታንኩ ውስጥ ተቀምጦ ነዳጁን የሚገፋው የፕላስቲክ መዘውር በአመራረት ጉድለት ይሰነጠቃል፤ ነዳጅ እየመጠጠ ያብጣል፤ በመጨረሻም ከፓምፑ አካል ጋር ተፋትጎ ይቆማል። ምልክቶቹ የማስጠንቀቂያ መብራት መብራት፣ የሞተር መንገጫገጭና ለመነሣት ማስቸገር ናቸው። ጥሪው የቤንዚን ተሽከርካሪዎችን የሚመለከት በመሆኑ፣ በወረዳ መሥሪያ ቤቶች በብዛት የሚታዩትን የናፍጣ ላንድክሩዘሮችና ፒክአፖች የሚያሽከረክሩ ባለሙያዎች በዚህኛው ጥሪ ሊሠጉ አይገባም።

ችግሩ የጥሪው ደብዳቤ የሚላከው አምራቹ ወይም የመዝጋቢው አገር መንግሥት ወደሚያውቀው ባለንብረት መሆኑ ነው። በጃፓን ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲሠራ ቆይቶ ያገለገለ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ የገባ መኪና ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ደብዳቤው ከኋላው ይቀራል። ጊዜም ያልፋል፤ በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ የነፃ ጥገና ግዴታው ጥሪው ከመታወቁ ከ15 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ለመጀመሪያው ገዥ የተሸጠን መኪና አይመለከትም።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚካሄደው ዓመታዊ ምርመራም ይህን ክፍተት አይሞላም። ምርመራው የተሽከርካሪውን የዕለቱን ብቃት ያያል እንጂ የአምራቹን ዝርዝር አያመሳክርም፤ ነገ የሚቆም ፓምፕም ዛሬ ይሠራል፤ ቦሎውም ይለጠፋል። ከዚህ በተጨማሪ ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን የሚገዛ ቤንዚን ቆሻሻና ውኃ ሊኖረው ስለሚችል፣ ፓምፕ ሲበላሽ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ለነዳጁ ይሰጣል። ሜካኒኩ ሁልጊዜ ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ ይሁንና መዝገብ ሳይታይ የሚሰጥ ፍርድ ነፃ ሊሆን የሚችለውን ጥገና ከመሥሪያ ቤቱ በጀት ያስከፍላል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የወሰነው ውሳኔ፣ ቀድመው የገቡት በአገልግሎት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆዩ ስለሚያደርግ ጉዳዩን ይበልጥ ትኩረት የሚሻ ያደርገዋል።

የማጣራቱ ሥራ ከባድ አይደለም። የስምሪት ክፍል የሻንሲ ቁጥሮችን ከየሊብሬው ገልብጦ ለአምራቹ ወኪል በደብዳቤ ማቅረብ ወይም በአምራቹ ድረ ገጽ መፈተሽ ይችላል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ዓለም አቀፉን ባለ 17 አኃዝ ቁጥር ስለማይጠቀሙ በአሜሪካ መፈለጊያ ላይ አይገኙም፤ የእነርሱ አጭር ቁጥር በጃፓኑ የአምራቹ ዝርዝር ላይ መታየት ይኖርበታል። በዚህ ስህተት ምክንያት “ጥሪ የለበትም” የተባለ መኪና ጥሪ ሊኖርበት ይችላል። ፓምፑ ከተቀየረም የወኪሉ ማረጋገጫ ወረቀት ከተሽከርካሪው ፋይል ጋር መያያዝ አለበት፤ መኪናው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲዛወር ወይም በጨረታ ሲሸጥ የሚቀጥለው ተረካቢ የሚያገኘው ማስረጃ እርሱ ብቻ ነው።